ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረው ኮምፒውተር

«ተረት ተረት!»

«የሶኬት!» በሉኝ እንጂ፤ ምን ዝም ብላችሁ ታዩኛላችሁ? የዛሬው ተረት ላምም በረትም የለበትም። ሶኬት አለበት፣ ሽቦ አለበት፣ አንድ ግትር ሽማግሌ አለበት። ደግሞ መሃል ላይ «ከዚያስ?» እያለ የሚያጣድፈኝ ሰው አልወድም። ከዚያ የሚመጣውን እኔው አመጣዋለሁ፤ እናንተ ቁጭ በሉ።

በአንዲት ከተማ፣ ስሟን ብናገር ዘመዶቼ በሚቀየሙኝ ከተማ፣ አንጓች የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ተዳረችና ትምህርቱ እዚያው ቀረ። አምስት ልጅ ወለደች፣ አሳደገች፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃች። የመጨረሻውን በዳረች በሳምንቱ ደብተር ገዝታ ማታ ትምህርት ቤት ገባች። ሰው ሳቀባት። እሷ ግን ያቋረጠችውን ስምንተኛን ጨረሰች፣ ዘጠነኛን አለፈች፣ አሥረኛን አለፈች፣ አሥራ አንደኛን አለፈች። ይኸው አሥራ ሁለተኛ ደረሰች፤ ፈተናው ሰኞ ነው።

አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዲት ወረቀት! የፈተና መግቢያ ካርድ። ትምህርት ቤቱ ምን አለ መሰላችሁ? «ካርዳችሁን ከኢንተርኔት ገጻችን ላይ አውጥታችሁ አትሙ፤ አርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማህተም አስመቱ። ማህተም የሌለው ሰኞ በሩን አያልፍም።» አለቀ፣ ደቀቀ። አርብ፣ ሰኔ ሃያ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አንጓች ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሄደች። ተማሪው ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፏል። «ምን አሰለፈኝ፣ ቤቴ ኮምፒውተር እያለልኝ!» ብላ ተመለሰች።

ኮምፒውተርስ እውነት ነው፤ አለ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሳጥኑ በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ፕሪንተሩም በሌላ ዳንቴል ተሸፍኖ፣ ሳሎን ውስጥ እንደ ሙሽራና ሚዜ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኢንተርኔቱን ከእኔ ቤት ነው የሚስቡት፤ ክፉ ጎረቤት አይደለሁም። አንጓች ዳንቴሉን ገፈፈች፣ አቧራውን እፍ አለች፣ ሶኬቱን ሰካች፣ ፕሪንተሩ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አስቀመጠች።

«በል አትምልኝ» አለችው ፕሪንተሩን።

«ማ? እኔ?» አለ ፕሪንተሩ። «እኔ ካልታዘዝኩ አላትምም። የሚያዘኝ ኮምፒውተሩ ነው፤ ሂጂና ለእሱ ንገሪው።»

ፕሪንተሩ አያትም፣ አንጓች ካርዷን አታገኝ!

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ኮምፒውተሩ ለመንቃት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። አቃሰተ፣ ነፋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

«ፕሪንተሩን እዘዝልኝ» አለችው።

«የማላየውን ነገር አትም ብዬ አላዝም» አለ። «መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ገጽ ይከፈትና ካርዱን ልየው። እኔ በሩቅ ወሬ አልሠራም።»

ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን አያዝዝ፣ ፕሪንተሩ ካርዱን አያትም፣ አንጓች ካርዷን አታገኝ!

ወደ ገጹ ሄደች። ገጹ ቀይ ሆኖ፣ ቃለ አጋኖ ግንባሩ ላይ ለጥፎ ጠበቃት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ አጥፍቼው ቡና ቤት እሄድ ነበር። አንጓች ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ መዝገበ ቃላቷን አወጣችና አንድ በአንድ ፈታችው።

«እመቤቴ» ይላል ገጹ፣ ከመሃከላቸው ጨዋው እሱ ነው። «የእርስዎ ኮምፒውተር እኮ የሚኖረው ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። እኔ በእርስዎ ቀን ገና አልተወለድኩም። ያልተወለደ ሰው በር ይከፍታል? ቀኑ ይስተካከልና እንነጋገራለን።»

ገጹ አይከፈት፣ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን አያዝዝ፣ ፕሪንተሩ ካርዱን አያትም፣ አንጓች ካርዷን አታገኝ!

አንጓች ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። ነቅላ ሰካችው። ያው ነው። ጎኑን በጥፊ አለችው። እሱም ያው ነው። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ማያው ጥግ ተመለከተች። ዓመተ ምሕረቱ 2017 ይላል፤ ወሩ አሥር፣ ቀኑ ሃያ። ራሷን ያዘች። «ወይኔ አንጓች! መሪጌታ ናቸው!»

መሪጌታ ልሳነወርቅ ባለቤቷ ናቸው። የዘመን ቆጠራ ሊቅ ናቸው፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል የከተማው ካህን ሁሉ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። የዚህ ኮምፒውተር ደግሞ ትንሿ የውስጥ ባትሪ ከደከመች ቆይታለች፤ ስለዚህ ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ቀኑን ይረሳዋል። መሪጌታ ግን አይረሱም። በየጠዋቱ ተነሥተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ቀኑን በእጃቸው ይሞሉለታል። በኛ አቆጣጠር ነዋ! ሰኔን አሥረኛ ወር ብለው፣ ዓመቱን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ብለው። ጳጉሜ ስትመጣ ኮምፒውተሩን ጭራሽ አያበሩትም፤ «አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ መሃይም!» ብለው እስከ ዕንቁጣጣሽ ይኮራረፋሉ። አትሳቁ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

አንጓች ቀኑን ጠቅ አደረገችው። «ተስተካከልልኝ» አለችው።

«ይቻላል» አለ ቀኑ። «እኔን የምትነኪኝ ግን በሴቲንግ በኩል ነው። ሴቲንጉን አስፈቅጂ።»

ቀኑ አይስተካከል፣ ገጹ አይከፈት፣ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን አያዝዝ፣ ፕሪንተሩ ካርዱን አያትም፣ አንጓች ካርዷን አታገኝ!

ሴቲንጉን ከፈተች። ሴቲንጉ ደግሞ እንደ ቢሮ ዘበኛ ነው።

«ማን ልበል?» አላት።

«አንጓች ነኝ።»

«እዚህ የተጻፈው እንግዳ ነው የሚለው። እንግዳ ቀን አይነካም። ፓስዎርድ አለሽ?»

«እኔ? በገዛ ቤቴ እንግዳ? ይህን ዳንቴል የሠራሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ስለ ዳንቴሉ አልጠየቅኩሽም፤ ፓስዎርድ!»

ፓስዎርዱን የሚያውቁት መሪጌታ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሴቲንጉ አይነካ፣ ቀኑ አይስተካከል፣ ገጹ አይከፈት፣ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን አያዝዝ፣ ፕሪንተሩ ካርዱን አያትም፣ አንጓች ካርዷን አታገኝ! ሰዓቱም ዘጠኝ ሆነ።

መሪጌታ በረንዳ ላይ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ብራና ይመለከታሉ።

«መሪጌታ፣ ፓስዎርዱን ይንገሩኝ» አለች።

«ለምን ጉዳይ?»

«የኮምፒውተሩን ቀን ላስተካክል። ስምንት ዓመት ይቀረዋል።»

ይህን ማለት አልነበረባትም! መሪጌታ ብራናውን አጠፉ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ስምንት ዓመት ይቀረዋል? እኔ የሞላሁት ቀን? ዛሬ ሰኔ ሃያ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት አይደለም?»

«ነው መሪጌታ፤ ማን አይደለም አለ? ማሽኑ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ነው።»

«እንግዲያ ይማራ! አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ትማሪ የለ? እሱ ምን ያንሰዋል? በዚህ ቤት ስምንት ዓመት አይጨመርም፤ ስምንት ቀንም አይጨመርም። ፓስዎርድ የለም!»

ለምና ለምና ደከማት። መሪጌታ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሷ ስታጠና ፋኖስ የሚያበሩላት እሳቸው ናቸው። ዘመን ላይ ሲደርሱ ግን ድንጋይ ናቸው። መሪጌታ ፓስዎርዱን አይናገሩ፣ ሴቲንጉ አይነካ፣ ቀኑ አይስተካከል፣ ገጹ አይከፈት፣ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን አያዝዝ፣ ፕሪንተሩ ካርዱን አያትም፣ አንጓች ካርዷን አታገኝ!

ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ንስሐ አባታቸው፣ ወደ ቄስ አስማረ በረረች።

«አባቴ፣ መሪጌታን ይገሥጹልኝ!»

«ምን አደረጉ ልጄ?»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ቄስ አስማረ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙና ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ በስካር ቢሆን እገሥጻቸው ነበር። በስድብ ቢሆን እገሥጻቸው ነበር። በዘመን ቆጠራ ግን እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አፌን ብከፍት ከአዳም ጀምረው አስቆጥረውኝ እስከ ማታ አይለቁኝም። የዕድራችሁ ዳኛ ቢፈርዱ ግን እኔም ከኋላ ሆኜ አሜን እላለሁ።»

እንግዲህ ትንፋሼን ልያዝ። ቄሱ መሪጌታን አይገሥጹ፣ መሪጌታ ፓስዎርዱን አይናገሩ፣ ሴቲንጉ አይነካ፣ ቀኑ አይስተካከል፣ ገጹ አይከፈት፣ ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን አያዝዝ፣ ፕሪንተሩ ካርዱን አያትም፣ አንጓች ካርዷን አታገኝ! ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ደርበው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤታቸውን ቢሮ አድርገውታል፤ ጠረጴዛ አላቸው፣ ፋይል አላቸው፣ «ሳያንኳኩ አይግቡ» የሚል ወረቀትም በራቸው ላይ ለጥፈዋል። አንጓች ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሼ ደርበው፣ ይፍረዱልኝ!»

አቶ ደርበው እስክሪብቶ አነሡና እስከ መጨረሻው አዳመጧት። «ወይዘሮ አንጓች፣ እውነቱን ልንገርዎት? ነገሩ የእርስዎ ነው፤ ገና ከአሁኑ ፈርጄልዎታለሁ።»

«እሰይ! እንሂዳ!»

«ይቆዩ እንጂ! ካለፈው ወር ወዲህ በቃል የመጣ አቤቱታ አንቀበልም። ማመልከቻ ያምጡ። በእጅ የተጻፈ አይሆንም፤ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ በፕሪንተር ታትሞ።»

አንጓች አፏን ከፍታ ቀረች። «በፕሪንተር?»

«በፕሪንተር።»

በሉ አብረን እንበለው፣ እኔ ብቻዬን አልችለውም! ማመልከቻው ካልታተመ ዳኛው አይፈርዱ፣ ዳኛው ካልፈረዱ ቄሱ አይገሥጹ፣ ቄሱ ካልገሠጹ መሪጌታ አይናገሩ፣ መሪጌታ ካልተናገሩ ሴቲንጉ አይነካ፣ ሴቲንጉ ካልተነካ ቀኑ አይስተካከል፣ ቀኑ ካልተስተካከለ ገጹ አይከፈት፣ ገጹ ካልተከፈተ ኮምፒውተሩ አያዝዝ፣ ኮምፒውተሩ ካላዘዘ ፕሪንተሩ አያትም፣ ፕሪንተሩ ካላተመ ማመልከቻው አይታተም! ኧረ ዞረብኝ! ዞራ ዞራ የጀመረችበት በር ላይ።

አንጓች መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ አላቆም አላት። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ። ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አምስት ዓመት ሙሉ በማታ ተምራ በአንዲት ወረቀት ልትቀር ነው። እዚያ እንደ ተቀመጠች ነው አንድ ሰው ትዝ ያላት። ከዳኛውም ከቄሱም ይልቅ መሪጌታ የሚፈሩት አንድ ሰው። በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን አንድም ነገር ለምናቸው አታውቅም።

እማማ ዘርትሁን የመሪጌታ እናት፣ የአንጓች አማት ናቸው። ሰማንያ አምስት አልፏቸዋል፤ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። በራፋቸው ላይ ጥጥ ሲፈለቅቁ አገኘቻቸው። ጉልበታቸውን ስማ ነገሩን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

«እስቲ ድገሚው» አሉ እማማ።

ደገመችው።

«ይኼ ኮምፒውተር የምትይው ያ ዳንቴል የለበሰው ነው? እኔ እኮ ሬዲዮ መስሎኝ ስንት ዓመት እስኪናገር ስጠብቅ! እና ወረቀቱ የምን ወረቀት ነው?»

«የፈተና ነው እማማ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል።»

እማማ ዘርትሁን ጥጡን አስቀመጡት። አንጓች እምቢ ሊሉ ነው ብላ ነጠላዋን መሰብሰብ ጀመረች።

«ያን ጊዜ ደብተሩን ከእጅሽ የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ» አሉ እማማ። «መምህሩ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አታውቂም። ‹ይህች ልጅ ከክፍሉ አንደኛ ናት፣ ይተዉልኝ› ብሎ ለመነኝ። ልጄን ልድር ቸኩዬ መለስኩት። አልነገርኩሽም፤ አፍሬ ነው። እዚህ፣ እዚህ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።»

«እማማ...»

«ዝም በይ። ዱላዬን አቀብይኝ!»

እንግዲህ ተመልከቱ! እማማ ዘርትሁን ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ሌላ ጊዜ ከቤት እስከ በር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባቸው ሴትዮ ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ጨረሱት። ዳኛው ቤት ሲደርሱ በሩን በዱላ ቆረቆሩ። «አንተ ደርበው! በጀርባዬ ያዘልኩህ ልጅ ማመልከቻ ትጠይቃለህ?» አቶ ደርበው ኮታቸውን ሳይቆልፉ ወጡ። «ያለ ማመልከቻም ይቻላል!» ብለው ከኋላ ተከተሉ። ቄስ አስማረ ሰልፉን ከበራቸው አይተው መስቀላቸውን አነሡ። «ዳኛው ከፈረዱ እኔም እገሥጻለሁ!» ብለው ገቡበት። እኔም ሽሮዬን እሳት ላይ ትቼ ተከተልኩ፤ አረረ፣ ግድ የለም።

መሪጌታ በረንዳቸው ላይ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ማን ሞተ ብለው ብድግ አሉ።

«እማዬ! ምነው፣ ምን ሆነሽ?»

«ፈርደናል!» አሉ አቶ ደርበው። «አሜን!» አሉ ቄስ አስማረ፤ ከዚያ በላይ አልደፈሩም።

«አንተ ልጅ፣ ና ወዲህ» አሉ እማማ ዘርትሁን። መሪጌታ፣ የስድሳ ስድስት ዓመቱ ሊቅ፣ መጥተው እንደ ተማሪ ፊታቸው ቆሙ። «ዘመን አዋቂ ነኝ ትላለህ አይደል? እስቲ ቁጠርልኝ። እኔ ከዚህች ልጅ ላይ አርባ ሁለት ዓመት ወስጃለሁ። ላንተ ብዬ ነው የወሰድኩት። አንተ ስምንት ዓመት መስጠት አቃተህ?»

መሪጌታ ሚስታቸውን አዩ፣ እናታቸውን አዩ፣ መሬቱን አዩ። ዓይናቸው ሞላ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና ወደ ሳሎን ገቡ።

በሉ ያዙኝ፣ እሮጣለሁ! መሪጌታ የኮምፒውተሩን ፊት በጋቢያቸው ከልለው፣ በአንድ ጣት፣ ባለ ሃያ ሦስት ፊደል ፓስዎርድ ጻፉ፤ ሁለቴ ተሳስተው እንደገና ጻፉ። ሴቲንጉ «ግቢ እመቤቴ» አለ። አንጓች ዓመቱን ስምንት ጨመረችበት፣ አሥረኛውን ወር ስድስተኛ አደረገችው፣ ሃያን ሃያ ሰባት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብን አራት ከሩብ አደረገችው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል፤ «እኔ አላየሁም» ይላሉ። ዳኛው ፈረዱ፣ ቄሱ ገሠጹ፣ መሪጌታ ፓስዎርዱን ሰጡ፣ ሴቲንጉ ተነካ፣ ቀኑ ተስተካከለ፣ ገጹ ተከፈተ፣ ኮምፒውተሩ አዘዘ፣ ፕሪንተሩ ሦስቴ አሳለና አተመ! እልል አልኩ! የአንጓች ፎቶ፣ የአንጓች ስም፣ የአንጓች ቁጥር፤ ያቺ አንዲት ወረቀት፣ ገና ትኩስ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ማሽኑ የፈረንጁን ቀን ጽፎበታል። መሪጌታ አይተው ዝም ይላሉ? ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ከሥሩ «ሰኔ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.» ብለው በሚያምር ጽሕፈት አሰፈሩ። «አሁን ልክ ሆነ» አሉ። «ምን አደረጉ መሪጌታ! አበላሹት!» ብዬ ጮህኩ። አንጓች ግን ለመከራከር ጊዜ አልነበራትም፤ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ባጃጅ ይዘው ሄዱ፤ እሷ፣ እሳቸውና እማማ።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መዝገቧን እየዘጋች ነበር። ካርዱን ተቀበለችና ፊት ለፊቱን አየችው፤ ግርጌውን አየችው። ከአንጓች በፊት የመጡትን ሦስት ልጆች «በእኛ አቆጣጠር ቀን ያልተጻፈበት ላይ ማህተም አልመታም፤ አጽፋችሁ ኑ» ብላ መልሳቸዋለች አሉ። ቀዩን ጽሑፍ ስታይ ግን ቀና አለች። «ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ፤ ደረታቸው በር አልበቃው አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፤ ዛሬ በትክክል የመጣልኝ ይህ ብቻ ነው» አለችና ማህተሙን ቧ! አደረገችው። አንጓች ወረቀቱን ደረቷ ላይ አጣብቃ እዚያው ቆመች።

ሰኞ ጠዋት አንጓች ካርዷን አሳይታ በሩን አለፈች። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነበራቸውና ሄዱ። እማማ ዘርትሁን ግን አልሄዱም፤ ከበሩ አጠገብ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። ፀሐይ ወጣች፣ ካፊያ መጣ፣ ሄደ፤ እሳቸው እዚያው ናቸው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አዘነላቸው።

«እናቴ፣ ፈተናው እስከ ስድስት ሰዓት አያልቅም። ማንን ነው የሚጠብቁት? የልጅ ልጅዎን ነው?»

«አይደለም» አሉ እማማ ዘርትሁን። «ልጄን ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ አቧራውን አብሱ።